አጥር ነቅናቂው እንግዳ

ባለፈው እሁድ ለአንድ ወዳጄ ስልክ ደወልኩለት። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «ጋሼ» ነው የምለው። ለንደን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ፀጉሩ የሸበተ፣ ነገር አዋቂ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሌሊት ተኝተህ ሳለ የማታውቀው ሰው መጥቶ የቤትህን ግድግዳ በቀለም ሞነጫጭሮት ቢሄድ ምን ታደርጋለህ?»

«ይኼም ይጠየቃል እንዴ! ፖሊስ እጠራለኋ!»

«የሞነጫጨረው ባንክሲ ቢሆንስ?»

ትንሽ ዝም አለ። ሲያሰላ ይሰማኛል።

«ያኔም ፖሊስ እጠራለሁ» አለኝ፣ «ግድግዳዬን እንዲጠብቅልኝ።»

ስቀን ተለያየን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው። ቀለሙ ያው ቀለም፣ ሌሊቱም ያው ሌሊት። ፖሊሱ እንኳን ያው ፖሊስ ነው። የተለወጠችው ስም ብቻ ናት። ጉዱ ደግሞ ያቺ ስም የማን እንደሆነች ባለቤቷ ነግሮን አለማወቁ ነው።

ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ባንክሲ ከብሪስቶል ከተማ የተነሳ፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሰው ግድግዳ ላይ በድብቅ ሲስል የኖረ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ግራ እንዳትጋቡ።) አሳሳሉ ቀላል ነው። ቅርጹን ቤቱ ቁጭ ብሎ ካርቶን ላይ ቀድዶ ያዘጋጃል። ሌሊት ካርቶኑን ግድግዳው ላይ ደገፍ ያደርግና ስፕሬይ ይነፋበታል። ፖሊስ ሳይደርስ ውልቅ! ስቴንስል ይሉታል። በ2018 ለንደን ውስጥ፣ ፊኛ ያመለጣትን ልጅ የሚያሳየው ሥዕሉ በሶዝቢ ጨረታ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በተሸጠበት ቅጽበት፣ ክፈፉ ውስጥ በተደበቀ መቁረጫ ግማሽ ድረስ የተተለተለው የእሱ ሥራ ነው። የተተለተለው ሥዕል ከሦስት ዓመት በኋላ ከ18 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጣ። ምን አለፋችሁ፣ ሰውየው ቢስልም ገንዘብ፣ ቢቀድም ገንዘብ ሆኗል።

ከተማ ውስጥ ሲስል ነገሩ ይገባኛል። በትልቅ ከተማ ግድግዳው የባንክ ነው፣ የኩባንያ ነው፣ የመንግሥት ነው። አስተዋዋቂው የሳሙናና የመኪና ሥዕል አንድ ፎቅ አሳክሎ ሲሰቅልብን «ልለጥፍ ወይ?» ብሎ እኔንም እናንተንም አልጠየቀንም። እዚህ መካከል አንድ ቀለም የያዘ ሰው በጨለማ መጥቶ አይጥ ሥሎ ቢጠፋ ደካማው እሱ ነው። ከተያዘ የሚቀጣው እሱ ነው። ስሙን የደበቀውም ፈርቶ ነው፤ ደካማ ሰው ቢደበቅ ማን ይፈርድበታል?

የእኔ ጥያቄ ይኼ ሰው ቀለሙን ይዞ ከከተማ ሲወጣ ነው የሚጀምረው።

በ2021 ነሐሴ ባንክሲ በቫን መኪና የእንግሊዝን ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ ሲዞር ከርሞ ሥራዎቹን በቪዲዮ ይፋ አደረገ። ኖርፎክና ሰፎክ የሚባሉ አገሮች ናቸው፤ እርሻ፣ ረግረግ፣ የዓሣ ወደብና ደጉ ዘመናቸው ያለፈባቸው ትንንሽ የመዝናኛ ከተሞች። ለዙሩ የሰጠው ስም «ስፕሬይ»ንና «ቫኬሽን»ን ያዳቀለ ነው፤ እኛ «የቀለም ሽርሽር» ብንለው ያስኬዳል። ክሮመር በምትባለው ከተማ የባሕር ግንብ ላይ ዛጎል ፈላጊ ሸርጣኖችን ሣለ። ባዶ ዛጎል ሞልቷል፤ ግን «ለቅንጦት ኪራይ ብቻ» የሚል ምልክት ቆሞባቸዋል። የለንደን ሀብታም ለዕረፍት ብሎ የሚገዛው ቤት የአገሬውን ልጅ ቤት አልባ የሚያደርግበት አካባቢ ነውና ነገሩ አጥንት ድረስ ይገባል። ሎውስቶፍት ላይ ደግሞ በአንድ ቤት የጎን ግድግዳ ሙሉ ግዙፍ የባሕር ወፍ ሥሎ፣ ከሥሩ በቆመው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የቤት መሥሪያ ስፖንጅ እንደ ድንች ጥብስ ደረደረላት። እዚያ አገር የባሕር ወፍ ድንች ጥብስህን ከእጅህ ነጥቃ ነው የምትሄደው፤ ሥዕሉን ያየ ሁሉ ይስቃል።

በ2022 በጋ ላይ እኔና ጋሼ በእሱ መኪና ግሬት ያርመዝ ድረስ ሄደን ነበር። እሱ ባሕር ሊያይ፣ እኔ ግድግዳ ላይ። አንድ የአውቶብስ መጠበቂያ አለ። ከመጠበቂያው ጣሪያ በላይ፣ ከኋላው ባለው ግድግዳ ላይ፣ አንድ ሰው አኮርዲዮን ይነፋል፤ ጥንድ ወንድና ሴት ይደንሳሉ። ከፊት ለፊት ሲታይ ጣሪያው ላይ ወጥተው የሚደንሱ ይመስላል። እውነቱን ልናገር፣ ወደድሁት። አላፊ አግዳሚ ቀና ብሎ የማያየውን ጣሪያ መድረክ አድርጎታል። የባንክሲ ትልቁ ችሎታ እጁ አይደለም፤ ከእሱ የተሻለ የሚስል በየሥዕል ትምህርት ቤቱ ሞልቷል። ችሎታው ቦታ ማንበብ ነው። ግድግዳው ምን ማለት ፈልጎ ዝም እንዳለ ያውቅበታል።

ፎቶ ስናነሳ አንዲት አሮጊት ከዘምቢላቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። «ልነሳላችሁ?» አሉን።

«ኧረ ይቀመጡ እናቴ፤ ሥዕሉ እንዴት ነው? ወደዱት?» አልኳቸው።

«ደኅና ነው» አሉ፣ «አውቶብሱ ግን አሁንም ያረፍዳል።»

ጋሼ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ሒስ እስካሁን አላነበብኩም።

እዚያው ከተማ ልጆች የሚጎበኙት፣ በአሻንጉሊት መጠን የተሠራ የእንግሊዝ ገጠር መንደር አለ። ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሜዳው ሁሉ ጉልበት አይደርስም። ባንክሲ አንዲት የሣር ክዳን ያላት የከብት ጋጣ ሠርቶ፣ ግድግዳዋ ላይ አይጥና «ወይ ትልቅ ሥራ ወይ ቤትህ ግባ» የሚል ጽሑፍ ሥሎ መካከሉ ላይ ቁጭ አደረጋት። የከተማ ግድግዳ በገጠር መንደር፣ ያውም በሚጢጢዋ! ብልህ ቀልድ ናት። በ2022 ጥር መጨረሻ ጋጣዋ በጨረታ በአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠች። ባለቤቶቹ በመሸጣቸው አልፈርድም፤ ማን ነው አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ዝናብ ላይ የሚያሳድር? ነገር ግን ለመንደሩ የተሠራች ጋጣ ከመንደሩ ወጣች። የሎውስቶፍቷ የባሕር ወፍም በኋላ ከነግድግዳዋ ተቆርጣ ተነሳች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

እዚያው አካባቢ ጎርልስተን የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። ባንክሲ በአየር የሚነፋ የሕፃናት ጀልባ ሣለ፤ ልጆቹ ወደ ሰማይ ሲወረወሩ፣ አንድ ሰውዬ ደግሞ ልብ ሳይል መንፋቱን ሲቀጥል። በቪዲዮ ያየ ሰው ይስቅ ይሆናል። የጎርልስተን ሰው ግን አልሳቀም። በ2018 በዚያው የባሕር ዳርቻ በአየር የተነፋ የልጆች መዝለያ ፈንድቶ አንዲት ሕፃን ሞታለች። ምክር ቤቱ ለሐዘኑ ክብር ሲል ሥዕሉን ወዲያው አስሸፈነው።

ባንክሲ ይኼን አውቆ ያደረገው አይመስለኝም። ጭካኔ አልነበረበትም፤ እንግድነት ነው የነበረበት። «ቦታ ያነባል» ያልኩት ሰው የግድግዳውን ቅርጽ እንጂ የሰፈሩን ሐዘን ማንበብ አልቻለም። ሐዘን ግድግዳ ላይ አይጻፍማ! ለማወቅ ከጎረቤት ጋር ማውራት ያስፈልጋል፤ ለማውራት ደግሞ ቀን መምጣትና ፊት ማሳየት።

ሌላም አለ፤ ይኼኛው እኔንም ይነካኛል። በ2014 መስከረም ማብቂያ ላይ ክላክተን በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ የፓርላማ ማሟያ ምርጫ ሊካሄድ ቀናት ሲቀሩት፣ ባንክሲ አምስት ግራጫ እርግቦች ሣለ። እርግቦቹ መፈክር ይዘዋል፤ «ስደተኞች አትፈለጉም»፣ «ወደ አፍሪካ ተመለሱ»፣ «ትላችንን አትንኩብን»። መፈክሩን የያዙት ራቅ ብላ ብቻዋን ሽቦ ላይ ባረፈች ባለ ቀለም ወፍ ላይ ነው። ቀልዱ በዘረኞች ላይ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ምርጫውም የስደተኛ ጉዳይ የሚፋጅበት ነበርና ጊዜውም ቦታውም ተመርጧል። ይሁን እንጂ ዘረኛ ሥዕል ነው የሚል አቤቱታ ደረሰና ምክር ቤቱ አስፋቀው። የባንክሲ መሆኑ የታወቀው ከተፋቀ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ጋዜጦቹ በምክር ቤቱ ሳቁበት። ቀልድ የማይገባቸው፣ ሚሊዮን ያጠቡ ቂሎች ተባሉ። እኔም ስቄ ነበር። እያደር ግን ራሴን አንድ ነገር ጠየቅሁ። ከሌሊት ሥራ የሚመለስ አንድ ሐበሻ በጠዋቱ በዚያ መንገድ ቢያልፍስ? በሥሩ ፊርማ የለም። ገና በባንክሲ ገጽ ላይ አልወጣም። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ወደ አፍሪካ ተመለሱ» ይላል። ያ ሰው እርግብና ትል ቆጥሮ፣ የምርጫ ካርዱን ነገር አስልቶ፣ «አሃ፣ ይኼስ ለእኔ የቆመ ወዳጅ ነው» እስኪል ድረስ ሆዱ ስንት ጊዜ ይገለባበጣል? እኔ በዚህ አገር ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለውን ቃል ያለ ቀልድ ተጽፎ አይቼዋለሁ። የሁለቱም ጸሐፊዎች ስማቸውን አልጻፉም። ጠላትህም ወዳጅህም ፊቱን ሸፍኖ ሲመጣ በምን ትለያቸዋለህ?

ስም መደበቅ ከተማ ውስጥ የደካማ ጋሻ ነበር ብያለሁ። ትንሽ ከተማ ወይም ገጠር ሲደርስ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። እዚያ ግድግዳው የኩባንያ አይደለም፤ የአንድ ሰው ነው። ሠዓሊው ደግሞ ደካማ አይደለም፤ ካርቶኑን ባሳረፈበት ቦታ ሚሊዮን የሚያበቅል ጉልበተኛ ነው። አባቶች «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። ባንክሲ ባለቤቱን ንቋል አልልም። አጥሩን ግን ነቅንቆታል፤ ነቅንቆትም ሄዷል።

የፖርት ታልቦትን ነገር ታስታውሱ ይሆናል። ዌልስ ውስጥ ያለች የብረት ፋብሪካ ከተማ ናት። በ2018 ታኅሣሥ ባንክሲ በአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ የመኪና ማቆሚያ ግድግዳ ላይ ምላሱን አውጥቶ በረዶ የሚቀበል ሕፃን ሣለ። ዞር ብለህ ሁለተኛውን ገጽ ስታይ በረዶ የተባለው ከሚነድ የቆሻሻ ገንዳ የሚበን አመድ ነው። ከሠራቸው ሁሉ ካማሩት አንዱ ይመስለኛል፤ ቦታውን ያወቀ፣ ማዕዘኑን የተጠቀመ፣ ለመግባት አንድ እርምጃ የሚያስኬድ። ግን ሠራተኛው ማግስቱን ምን ሆነ? በሺህ የሚቆጠር ሰው ደጁ ላይ ፈሰሰ። አጥር መጣ፣ ጥበቃ ቆመ። ሰውየው መጨረሻ ላይ ለሥዕል ነጋዴ ሸጠው። ግድግዳው ተቆርጦ በ2019 ወደ ሌላ የከተማዋ ሕንፃ ሄደ፤ በ2022 ደግሞ ጭራሽ ከከተማዋ ወጣ። በ2024 መስከረም የፋብሪካው የመጨረሻ የብረት ማቅለጫ እቶን ተዘጋ። ጭሱም ሄደ፣ የጭሱም ሥዕል ሄደ። የቀረው ሰዉ ነው።

«ታዲያ ሠዓሊ ፈቃድ ጠይቆ ሊስል ነው እንዴ? ፈቃድ የተጠየቀበት የጎዳና ሥዕልማ የቢሮ ቀለም ቅብ ነው!» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው። ባንክሲም በ2016 ብሪስቶል ውስጥ ላለ አንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት ሥዕል ሥሎ በተወው ደብዳቤ ላይ፣ ፈቃድ ከመጠየቅ ይቅርታ መጠየቅ ምንጊዜም እንደሚቀል ለልጆቹ ጽፎላቸዋል። ልጆቹ ከትምህርት ቤታቸው የተማሪ ቡድኖች አንዱን በስሙ ሰይመውለት ነበር፤ ካልወደዱት በላዩ ላይ የራሳቸውን እንዲጨምሩም ነግሯቸዋል። ደስ የሚል ደብዳቤ ነው። ግን እስቲ ልጠይቅ፤ ይቅርታውን ማን ጠየቀ? ጎርልስተን ላይ የሸፈነው ምክር ቤቱ ነው። ፖርት ታልቦት ላይ የተጨነቀው ሠራተኛው ነው። ስሙን የደበቀ ሰው ፈቃድ መጠየቅ ብቻ ሳይሆን ይቅርታ መጠየቅም አይመቸውም። እንግዲህ ከሁለቱ የቀለለውንም አልሠራም ማለት ነው።

ፍርዴ ግን ሁሉ ጥቁር አይደለም። አንዷን ሥራውን ከልቤ እወዳታለሁ። በ2023 መጋቢት፣ ኬንት ውስጥ ሄርን ቤይ አጠገብ፣ 500 ዓመት ይሆነዋል የሚባል ባዶ የገበሬ ቤት ነበር። ሊፈርስና በቦታው የመኖሪያ ቤቶች ሊሠሩበት ነው። ባንክሲ አንዱ በተደፈነ መስኮት ላይ ቆርቆሮ እንደ መጋረጃ ሰቀለ። መጋረጃውን አንድ ትንሽ ልጅ ይገልጠዋል፤ አጠገቡ ድመት አለች። ልጁ ማለዳውን ሊያይ ነው። ሥዕሉ ሠሪው ሳይታወቅ ቤቱ በማሽን ፈረሰ። ባንክሲ በኋላ ፎቶዎቹን ሲያወጣ የፍርስራሹንም ጨምሮ ነው፤ ርዕሱንም «ማለዳው ተሰበረ» አለው።

«አወይ ኪሳራ!» ተብሎ ተለቅሷል። እኔ ግን እላለሁ፣ ሥዕሏ ሥራዋን ጨርሳ ነው የሄደችው። ያቺ መስኮት ለዘመናት የስንቱን ገበሬ ልጅ ማለዳ አሳይታለች። የመጨረሻው ልጅ ተሥሎ፣ መጋረጃውን ገልጦ፣ አብሯት ወደቀ። የተረበሸ ባለቤት የለም፣ የተቆረጠ ግድግዳ የለም፣ ጨረታ የለም። ለማይኖር ቤት የማይኖር ሥዕል። እዚህ ላይ እንግዳው ለቀስተኛ ሆኖ መጣ፤ ለቀስተኛ ደግሞ ሳይጠራ ቢመጣ ነውር የለበትም።

እኔ ያደግሁበት ቤት ግድግዳው ጭቃ ነበር። እናቴ ለእንቁጣጣሽ ትለቀልቀዋለች፤ ከሥሩ በቀይ አፈር ታስጌጠዋለች። የሐላባን ገጠር ያያችሁ ደግሞ የቤቶቹ ግድግዳ ከውጪ በሥዕል አጊጦ ታውቁታላችሁ። እነዚህን ሥዕሎች የሠሩት ሰዎች ስማቸው በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ለዓለም ስም የለሽ ናቸው፤ ለጎረቤት ግን የታወቁ ናቸው። ዝናብ ቢያጥበው መልሰው የሚለቀልቁት እነሱ፣ ቢያስከፋ የሚወቀሱትም እነሱ ናቸው። ባንክሲ የተገላቢጦሽ ነው፤ ለዓለም የታወቀ፣ ለጎረቤት ስም የለሽ።

ይኼን ሁሉ ለጋሼ በስልክ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንተ ልጅ፣ ነገር አበዛህ» አለኝ። «ሰውየው የእኔን ግድግዳ ከፈለገ በሌሊት ምን ያንከራትተዋል? ቀን ይምጣና በሩን ያንኳኳ። ቡና አለ። ስሙንም አልጠይቀውም።»

«ምኑን ትጠይቀዋለህ ታዲያ?»

«ስንት ቀን እንደሚቆይ።»